«ሰው አለኝ»፦ ትንፋሽ ሲያጥር ተስፋን የሚሸከመው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት በየቤተ ክርስቲያናችን ስለ አንድ ሕመምተኛ ይነበባል፣ ይሰበካል። ሰውዬው 38 ዓመት በሕመም የማቀቀ ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ከብዙ ድውያን ጋር ተኝቶ የውኃውን መናወጥ ይጠብቅ ነበር። ጌታችን ቀርቦ መዳን ይፈልግ እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ ግን ስለ እግሩም ስለ ወገቡም አላወራም። ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። 38 ዓመት የታመመ ሰው አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የወጣው የሕመሙ ነገር ሳይሆን የሰው ማጣቱ ነገር ነው። ለምን ይመስላችኋል?

በዚህች አጭር ጽሑፍ በዘመናችን ካሉት ከባድ ሕመሞች አንዱን ይዘን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ፈውስ ላልተገኘለት ሕመምተኛ «በርታ፣ ተስፋ አትቁረጥ፣ ፊትህን ፈታ አድርግ» ማለት ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ ያንን ተስፋ መሸከም ያለበት ማን ነው? የታመመው ነው ወይስ እኛ?

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኤ ኤል ኤስ ይሉታል። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ በ1869 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሕመሙ ጽፏል። በአሜሪካ ደግሞ በዚሁ ሕመም በተያዘ ታዋቂ የቤዝቦል ተጫዋች ስም «የሉ ጌሪግ በሽታ» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ተነሥተው ጡንቻን «ተንቀሳቀስ» እያሉ የሚያዝዙ ነርቮች አሉ። በዚህ ሕመም እነዚህ ነርቮች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። አዛዥ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ይሰልላል። አንዱ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፤ ሌላው እግሩ ይጎተትበታል፤ ሌላው ምላሱ ይተሳሰራል። እያደር ወደ እጅ፣ ወደ እግር፣ ወደ አንገት፣ ወደ ጉሮሮ ይዛመትና በመጨረሻ ትንፋሽ የሚስበውን ጡንቻ ይይዛል። ብዙዎቹ ሕመሙ ከጀመራቸው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ያርፋሉ። ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ግን ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

ልብ በሉ፤ ዓይን ያያል፣ ጆሮ ይሰማል፣ ቆዳ የዝንቧን ማረፍ እንኳ ያውቃል። በብዙዎቹ ዘንድ አእምሮም እንደነቃ ነው። አባት ልጁ ስታለቅስ ይሰማል፤ ተነሥቶ ማባበል ግን አይችልም።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከመቶ 90 ያህሉ ሕሙማን በዘራቸው እንዲህ ያለ ሕመም የለም። እርግማንም አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ መልሶላቸዋል። እንግዲህ እርሱ የዘጋውን ጥያቄ እኛ በጎረቤታችን ደጅ ቆመን ለምን እንከፍተዋለን?

የሱሉልታ አየር

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በማለዳ የወጣ ሰው ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ሲለማመዱ ያያል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሯጩ ይህንን ስስ አየር ፈልጎት ይመጣል፤ ሰውነቱ ደም እንዲያበዛለት ነው።

እዚያው መንደር፣ በአንዱ ቤት ውስጥ፣ በኤ ኤል ኤስ የተያዘ ሰው ቢኖር ያው አየር ለእርሱ ዳገት ነው። አንዱ የሚሮጥበትን አየር ሌላው ተኝቶ ሊደርስበት አይችልም።

የትንፋሹን ነገር ለመረዳት የአንጥረኛውን ወናፍ አስቡ። ወናፉ አልተቀደደም፤ ሳንባው ደኅና ነው። የደከመው ወናፉን የሚነፋው ክንድ ነው። ስለዚህ ኦክስጅን ብቻ መስጠት ነገሩን አይፈታውም። የተቃጠለው አየር በደንብ ካልወጣ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያለ ልክ የሚሰጥ ኦክስጅን ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። የሚረዳው በአፍንጫና በአፍ ላይ በሚገጠም ጭንብል አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ባይፓፕ ይሉታል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በወጣ ጥናት፣ የጉሮሮና የአፍ ጡንቻቸው እምብዛም ያልተጎዳ ሕሙማን በዚህ መሣሪያ ዕድሜያቸው በመካከለኛ ግምት 7 ወር ገደማ ረዝሟል፤ ኑሯቸውም ተሻሽሏል።

7 ወር ምን አላት ትሉ ይሆናል። 7 ወር እኮ ከፍልሰታ ተነሥቶ እስከ መፃጉዕ ያደርሳል። በመካከሉ መስቀል አለ፣ ልደት አለ፣ ጥምቀት አለ።

ምልክቶቹንም እንወቃቸው። ሰውዬው በጀርባው መተኛት ካቃተው፣ ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ከጣለው፣ ድምፁ ከሰለለ፣ ሳሉ ጉልበት ካጣ፣ ትንፋሹ እየደከመ ነውና ለሐኪም ይነገር። ዝም ብሎ «ደክሞት ነው» አይባልም።

በቋንቋችን ነፍስ፣ ትንፋሽ፣ መንፈስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። አዳምም ሕያው የሆነው የሕይወት እስትንፋስ በተሰጠው ጊዜ ነው። ትንፋሹን በራሱ የሠራ ሰው የለም፤ ሁላችንም የተቀበልነው ነው። በመሣሪያ የሚተነፍሰው ወንድማችን ይህንን በየደቂቃው ያውቀዋል። እኛ ግን ረስተነዋል።

የቡራዩ ሌሊት

እስቲ በቡራዩ የሚኖር አንድ አባወራ በሐሳባችሁ አምጡ። ሌሊት ነው። ሚስቱ ሦስት ትራስ ደራርባ ደግፋዋለች፤ ጭንብሉ ፊቱ ላይ ነው። በዘጠኝ ሰዓት መብራት ይጠፋል። መሣሪያው ዝም ይላል። እርሷ በጨለማ ተደነባብራ ትነሣለች። ትልቁ ልጅ ከአባቱ ራስጌ ተቀምጦ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ይጨምቃል፣ ይለቃል። መብራት እስኪመጣ ድረስ የአባቱ ትንፋሽ በልጁ መዳፍ ውስጥ ነው።

ሲነጋ ጎረቤት ይመጣል። «ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። አይዞዎት፣ ይበርቱ እንጂ!» ይሏቸዋል። ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ፤ ይሄዳሉ። ሰውዬው ድምፅ ስለሌላቸው አይመልሱም። ግን እንግዶቹ እንዳያዝኑ በዓይናቸው ፈገግ ይላሉ። አያችሁ? ታማሚው ጤነኞቹን አጽናና።

«በርታ» ማለት ጠንክር ማለት ነው። ጉልበቱ ሁሉ ያለቀበትን ሰው ጠንክር ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ጊዜ እኮ «ሐዘንህን አታሳየኝ፣ እኔ አልችለውም» ማለታችን ነው። እንዲህ ሲሆን ደስታ ሁለተኛ ሸክም ይሆንበታል። መታመሙ ሳያንሰው ደስተኛ መስሎ መታየት አለበት።

ታዲያ ስለ ተስፋ አናውራ? ተስፋ የለም እንበለው? አይደለም! በዚህ ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ። ሕሙማኑ ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ በአጠገባቸው ያለ ጤነኛ ከሚገምተው ይሻላል። የኑሯቸው ጣዕምም ከጡንቻቸው ጉልበት ጋር አብሮ አይወርድም። ይልቁንም ከቤተሰብ ቅርበት፣ ከእምነት፣ ለኑሮ ካላቸው ትርጉም ጋር ይያያዛል። እንግዲህ ደስታው እውነት ነው፤ አለ። ነገር ግን በትእዛዝ አይመጣም። «ሰው አለኝ» ከሚል ልብ ነው የሚመነጨው።

የኢዮብን ወዳጆች አስታውሱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። መልካም ያደረጉት በዚያ ጊዜ ነው። የሳቱት አፋቸውን ከፍተው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

በቅፍርናሆምም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ በሕዝቡ ብዛት መግቢያ ቢያጡ ጣራ አፍርሰው አወረዱት። ወንጌሉ ጌታችን የተሸካሚዎቹን እምነት እንዳየ ይነግረናል። የታመመው እምነት ይኑረው አይኑረው አልተጠየቀም። ተሸካሚዎቹ አምነው አመጡት። የጥያቄያችን መልስ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ተስፋ ሕመምተኛው ብቻውን የሚያወጣው ዳገት አይደለም። ተስፋ አልጋ ነው፤ አራት ማዕዘን አለው፤ በአራቱም ማዕዘን ሰው ይይዘዋል።

የአልጋው አራት ማዕዘን

አንደኛው ማዕዘን ሌሊቱ ነው። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ግን አብዛኛው ዕድር ሰው እስኪሞት ይጠብቃል። ለሕመምተኛ የሚደርሱ ዕድሮችም አሉ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ለቀብሩ የምናወጣው ገንዘብ በሕይወት ሳለ መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን የሚያቆይ ባትሪ ቢገዛለት ምን ይለናል? ለሐዘኑ ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ ገብተን ሚስቱን ብናስተኛትስ? ቤቱንም ከጭስ እንጠብቅ። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ በዝግ ክፍል ውስጥ ለእርሱ ከባድ ነው፤ በረንዳ ላይ ቢሆን ቡናው አይቀርም።

ሁለተኛው ማዕዘን ማዕዱ ነው። በጾም ወቅት «ሁሉም ይጾማል፣ እኔስ?» ብሎ የሚጨነቅ ሕመምተኛ ብዙ ነው። በዚህ ሕመም ክብደት መቀነስ ዕድሜን ያሳጥራል። ሥርዓታችን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል፤ ፍትሐ ነገሥትም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለንስሐ አባት በግልጽ ይነገራቸውና እርሳቸው የሚሉት ይሁን። ምግቡ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ ይሁን፤ ቆሎና ደረቅ ነገር ጉሮሮ ላይ አደጋ ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ ይዋጥ። ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ አስተምሮናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንጾም ሰዎች የምሳችንን ሰዓት ለእርሱ ማጉረሻ ብናደርገውስ? የእርሱን ጾም እኛ ጾምንለት ማለት አይደለምን?

ሦስተኛው ማዕዘን ቃሉ ነው። ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ዓይነ ስውራን ልጆች በጣታቸው ሲያነቡበት ኖረዋል። በዚያ ጣት ዓይን ሆነ። ለእኛ ሕመምተኛ ደግሞ ዓይን ጣት ሊሆንለት ይችላል፤ ዓይን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ይተርፋሉና። የልጆቹን የፊደል ገበታ ከግድግዳ አውርዱት። በጣታችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። የፈለገው ቤት ላይ ስትደርሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያላችሁ ወደ ጎን ሂዱ፤ እንደገና ይጨፍናል። አንድ ፊደል ተገኘ። «ውኃ» ለማለት አራት ጊዜ ዓይን መጨፈን ይበቃል። አዎ፣ ጊዜ ይወስዳል። «ጀርባዬን አገላብጡኝ» ለማለት ብዙ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። ግን በእነዚያ ደቂቃዎች አንድ ሰው ከሬሳ ሳጥን እንደወጣ ያህል ይናገራል። ጊዜ ከማጣት ቃል ማጣት ይከፋል።

አራተኛው ማዕዘን እውነቱ ነው። ሕመሙን ከታማሚው መደበቅ ፍቅር ይመስላል፤ ግን ሰውዬውን ብቻውን ይተወዋል። ድምፁ ሳይጠፋ ይጠየቅ። ምግብ በቱቦ ቢሰጠው ይፈልጋል? በጉሮሮው ተበስቶ በመሣሪያ መተንፈስ ይፈልጋል? ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ራሱ ይናገር። በጥቁር አንበሳ የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዛሬ ከዚያ የወጡ ሐኪሞች አሉና ሕመሙ በስሙ ይታወቅ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ እንደተመሠረተው እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉም አሉ፤ የማይድንን ሕመም ሥቃይ ማስታገስ ራሱን የቻለ ሕክምና እንደሆነ አሳይተዋል። የትንፋሽ ማጠር ጭንቀት ሐኪም መጥኖ በሚሰጠው መድኃኒት ይቀንሳል።

ጸበሉስ? ይሂድ እንጂ! የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ሁለቱ አይጣሉም። ነገር ግን ማሳል የማይችልን ሰው ፊቱ ላይ በኃይል ውኃ ማፍሰስ ሊያንቀው ይችላል። ለአጥማቂው አስቀድሞ ይነገር፤ ለእንዲህ ያለው በትንሹ መቀባትም በረከት ነው። መሣሪያውንም «እምነት ጎድሎህ ነው» ብሎ የሚያስወልቅ ሰው ቢመጣ ተሸካሚ አይደለም፤ አልጋውን የሚጥል ነው።

ለእናንተ ለታመማችሁት

እናንተ በዚህ ሕመም ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ወይም ሰው የሚያነብላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለማናችንም ፈገግታ አይጠበቅባችሁም። ማልቀስ እምነት ማጣት አይደለም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። መስቀሉንም ሲሸከም የቀሬናው ስምዖን አግዞታል። እርሱ ከታገዘ መታገዝ ውርደት አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንለምናችሁ፤ በሩን አትዝጉብን። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ስቲቨን ሆኪንግ በ21 ዓመቱ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ይህ ሕመም እንዳለበት ተነገረው። በ1985 ጉሮሮው ተበስቶ ድምፁን አጣ፤ በኮምፒዩተር ድምፅ እያስተማረና እየጻፈ እስከ 2018 ኖረ። እምነቱ እንደ እኛ አልነበረም፤ የእርሱ ዕድሜም ለሁሉም የሚደርስ አይደለም። ግን በዙሪያው ተንከባካቢዎች ባይኖሩ ያ ሁሉ ዕድሜ አይኖርም ነበር። ሉ ጌሪግም በ1939 ሐምሌ 4 (እ.ኤ.አ.)፣ ሕመሙ በታወቀ በሁለት ሳምንቱ፣ በሞላ ስታዲየም ፊት ቆሞ ራሱን ዕድለኛ ብሎ ጠራ። ያኔ 36 ዓመቱ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ዐረፈ። ምክንያቱን ሲዘረዝር ታዲያ ምን ቆጠረ መሰላችሁ? ሰዎችን ነው የቆጠረው፤ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ወላጆቹን፣ ሚስቱን።

እናንተም በዓይናችሁ የምትናገሩት ቃል፣ የምትቀበሉት ጉርሻ፣ በሌሊት የምታነቁት ልጅ ለእኛ ትምህርት ነው። ሰው መሸከም የምንማረው በእናንተ ነው። ለዚህ ሲባል ታመማችሁ ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ከማለት እግዚአብሔር ይሰውረን። ነገር ግን ከእናንተ ጋር የተቀመጠ ሰው እንደመጣው ሆኖ አይመለስም።

ውድ አንባብያን፤ በመጪው የመፃጉዕ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ደጅ አንኳኩ። ወንበር ስባችሁ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። «በርታ» አትበሉ። «ዛሬ ሌሊት ተረኛው እኔ ነኝ» በሉ። የዚያን ዕለት በዚያ ቤት የተኛው ሰው ከሕመሙ ላይነሣ ይችላል፤ 38 ዓመት የጮኸውን የዚያን ሰው ጩኸት ግን አይጮኽም። ሰው አለውና።

የመፃጉዕን ጩኸት የሰማ አምላክ የታመሙትን ይጎብኝልን፤ እኛንም የአልጋቸው ተሸካሚዎች ያድርገን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።